የሥራው መጠሪያ ከመምጣቱ በፊት

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አራቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ሙያ ነው፤ ስለ ፕሮዳክት ማኔጅመንት፤ ማለትም አንድ ምርት የማንን ችግር እንደሚፈታና ምን ተሠርቶ ምን እንደሚተው እየለዩ ምርቱን የመምራት ሥራ። እኔ ራሴ 11 ዓመት የኖርኩበት ሥራ ስለሆነ፣ ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለእነዚህ ለአራቱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። በአንድ ድርጅት የጥሪ ማዕከል ውስጥ የደንበኞችን ስልክ መቀበል ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ፕሮዳክት ማኔጀር ለመሆን ቆርጬ ሁለት ትምህርቶችን በኢንተርኔት ጨርሻለሁ፤ ሰርተፊኬቶቹም በእጄ ናቸው። ከ30 በላይ ቦታዎች አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ የጠሩኝ ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱም «በሙያው ልምድ የለሽም» ብለው አሰናበቱኝ። ልምድ ከሌለኝ አይቀጥሩኝም፤ ካልቀጠሩኝ ልምዱን ከየት ላምጣው? ሦስተኛ ሰርተፊኬት ልጨምር ወይስ ሐሳቤን ልቀይር? እባክዎ ይምከሩኝ።

*ከጥሪ ማዕከሉ*

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስተኛውን ሰርተፊኬት ተዪው። ገንዘብሽንና ምሽቶችሽን ይወስዳል እንጂ ቀጣሪዎቹ ያነሱትን ጥያቄ አይመልስልሽም። እነሱ ማወቅ የፈለጉት የሰው ችግር ከፊትሽ ሲቆም ምን እንደምታደርጊ ነው። ይህንን ለማሳየት ደግሞ አሁን ከተቀመጥሽበት ወንበር የተሻለ ቦታ ብዙ አይገኝም።

እኔም የጀመርኩት ከጥሪ ማዕከል ነው። ድርጅቱ የወርኃዊ ሒሳብ ክፍያ በስልክ መተግበሪያ የሚቀበል ነበር። ወሩ ሊያልቅ ሲል ስልኩ ፋታ አይሰጥም። ደዋዮቹም የሚሉት ተመሳሳይ ነው፦ «ከፈልኩ፤ ግን አልገባም።» ገንዘቡ ግን ገብቷል። እኔ በኮምፒውተሬ ላይ አየዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ የማያስተውሉ ይመስለኝ ነበር፤ ይህን በማሰቤ ዛሬም ይቆጨኛል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ለአንድ ሒሳብ ሦስት ጊዜ ከፍላ ደወለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ከከፈሉ በኋላ ስልክዎ ላይ ምን የሚል ጽሑፍ ወጣ?» ብዬ ጠየቅኋት። አነበበችልኝ፦ «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው።»

ያን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ሰው ውስጡን ያውቃል፤ ገንዘቡን ተቀብለናል፣ ከባንኩ ጋር የሚደረገው የሒሳብ ማመሳከር ግን ነገ ያልቃል ማለቱ ነው። ከውጭ ለምታነበው ሴት ግን ገና አልተከፈለም ማለት ነው። እሷም ደግማ ከፈለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ከስልኩ ጎን አስቀመጥኩ። በእያንዳንዱ ጥሪ አንድ ጭረት እጭራለሁ፤ ከጭረቱ ጎን ደዋዩ የተናገረውን ቃል ሳልለውጥ እጽፋለሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የዚያች ዓረፍተ ነገር ጭረቶች ሁለት ገጽ ሞሉ። በብዛት ሁለተኛ የነበረው አቤቱታ ግማሽ ገጽ እንኳን አልደረሰም። ደብተሩን ይዤ ወደ አንድ ፕሮግራመር ጠረጴዛ ሄድኩ። የደዋዮቹን ቃል አንድ በአንድ ዝም ብሎ አነበበ፤ ከዚያ ቀና ብሎ «ምን ብንላቸው ይረዱታል?» አለኝ። አብረን ጻፍነው፦ «ክፍያዎ ደርሶናል። ደግመው መክፈል አያስፈልግዎትም።» ለኃላፊዎቹ አሳይተን ሲፈቀድ ተቀየረ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ላይ የዚያ ጥሪ ጭረት ሩብ ገጽም አልሞላም።

በዚያ ጊዜ ፕሮዳክት ማኔጀር የሚለውን መጠሪያ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሥራውን ግን ሠርቼዋለሁ። ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ስቀርብ ከትምህርት ማስረጃዬ ይልቅ ሲገላበጥ የቆየው ያ ደብተር ነው።

ነገሩ ከሙያው አመጣጥም ጋር ይገጥማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ኒል ማክኤልሮይ የሚባል ወጣት የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ሠራተኛ ካሜይ የተባለውን ሳሙና ለማስተዋወቅ ይደክም ነበር። ካሜይ ግን የዚያው ኩባንያ ምርት በሆነው በአይቮሪ ጥላ ሥር ወድቆ ነበር። ማክኤልሮይ ለአለቆቹ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። እያንዳንዱ ምርት ከላይ እስከ ታች የሚከታተለው የራሱ ሰው ይኑረው፤ ያ ሰው ምርቱ የት እንደሚሸጥና የት እንደማይሸጥ አሃዙን ያጥና፤ ደካማ በሆነበት አካባቢ ራሱ ሄዶ ሻጩንም ሸማቹንም ያነጋግር አለ። ዛሬ ፕሮዳክት ማኔጀር የምንለው ሰው የዘር ሐረጉ ወደዚያች ማስታወሻ ይመዘዛል። ማክኤልሮይም ኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1957 ደግሞ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ተደረገ። እኔን የሚገርመኝ ሹመቱ ሳይሆን፣ ማስታወሻውን ሲጽፍ እንደዚያ የሚባል የሥራ መደብ በኩባንያው ውስጥ ያልነበረ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ይህን አድርጊ። አንድ ተደጋጋሚ አቤቱታ ምረጪ፤ ሁለት አይደለም፣ አንድ። ለሦስት ሳምንት ቁጠሪው፤ የደዋዮቹንም ቃል ያዢ። ስማቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ግን ወደ ማስታወሻሽ አታስገቢ፤ ያ የደንበኛ አደራ ነው። ደዋዩ ጊዜ ካለው «ለመጨረሻ ጊዜ ይህ ሲገጥምዎ ምን አደረጉ?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ በሁለት ገጽ ጻፊው፦ ችግሩ የማን ነው፣ በምን ያህል ጊዜ ይደርሳል፣ ሰዎቹ አሁን እንዴት ያልፉታል፣ አንቺ ምን ይደረግ ትያለሽ፣ መፍትሔው እንደ ሠራ በምን ይታወቃል። አንድ አንቀጽ ደግሞ ሆን ብለሽ ስለተውሽው ነገር ይሁን፤ ይህን ትቼ ያንን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው የሚል። ልምድ ያለው ጠያቂ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሥራው ከባድ ክፍል መተው ነው።

ጽሑፉን በመጀመሪያ እዚያው ድርጅትሽ ውስጥ ላለው የፕሮዳክት ክፍል አሳዪ። በማያውቁሽ 30 በሮች ከማንኳኳት በሚያውቅሽ በአንዱ መግባት ይቀላል፤ ብዙ የማውቃቸው ባልደረቦቼ የገቡት ከደንበኞች አገልግሎት፣ ከሶፍትዌር ጥራት ፍተሻ ወይም ከመረጃ ትንተና ክፍል በውስጥ ዝውውር ነው። ዝውውሩ ቢዘገይ እንኳ «በሳምንታዊ ስብሰባችሁ ላይ ደንበኞች ያሉትን ለአሥር ደቂቃ ላቅርብላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን ጥያቄ እምቢ ያለ ክፍል እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ሲቪሽንም በዚሁ መንፈስ አስተካክዪው። «የደንበኞችን ስልክ መቀበል» የሚለውን አውጪና ያየሽውን ችግር፣ ያደረግሽውንና የተለወጠውን ጻፊበት።

ጥያቄ፦ ሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኜ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሁልጊዜ ሌላ ሰው የወሰነውን መሥራት ሰልችቶኛል። ፕሮዳክት ማኔጀር ብሆን የሚሠራውን ራሴ የምወስን ይመስለኛል። ከቴክኒክ ሥራ መውጣቴ ያስቆጨኝ ይሆን?

*ወሳኙ መሆን የሚፈልግ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመቀየርህ በፊት አንድ ነገር በግልጽ ልንገርህ። ፕሮዳክት ማኔጀር አብዛኛውን ጊዜ በሥሩ የሚያዝዘው ሰው የለውም። መሐንዲሶቹ የራሳቸው አለቃ አላቸው፤ ዲዛይነሮቹም እንዲሁ፤ ሽያጭ ክፍሉ ጭራሹን ሌላ ቤት ነው። ምርቱ ሲወድቅ የሚጠየቀው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ነገሮች የሚሄዱት በማሳመን ነው፤ ማሳመኛው ደግሞ ከደንበኛው አፍና ከአሃዝ የሚመጣ ማስረጃ ነው። ውሳኔ ትፈልጋለህ እንጂ ይህን ማስረጃ በየሳምንቱ መልቀም የሚያደክምህ ከሆነ፣ ዋና መሐንዲስ ሆነህ በቴክኒክ ውሳኔዎች ላይ ብትበረታ የበለጠ ትደሰታለህ። እዚያ መቆየትም ትልቅ ሙያ ነው።

ሌላው የቀኑ መልክ ነው። አሁን ማታ ወደ ቤትህ ስትሄድ የጻፍከው ኮድ ይሠራል ወይም አይሠራም፤ ታውቀዋለህ። ፕሮዳክት ማኔጀር ሦስት ስብሰባ ተቀምጦ፣ አንድ ሰነድ አርሞ፣ ሁለት ደንበኛ አነጋግሮ የዛሬው ልፋቱ ትክክል እንደነበር የሚያውቀው ከአራት ወር በኋላ ሊሆን ይችላል። ከምህንድስና ወደዚህ ለመጡ ባልደረቦቼ ከሁሉም የከበዳቸው ይህ ነበር።

አንተን የሚያሰጋህ ግን ጥንካሬህ ራሱ ነው። መሐንዲስ ችግር ሲሰማ መፍትሔው ወዲያው ይታየዋል። እኔ መሐንዲስ ባልሆንም በዚሁ ወጥመድ ወድቄያለሁ። በሙያው ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ለክሊኒኮች የቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም የሚሠራ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ለክሊኒክ ኃላፊዎች የሳምንቱን ቀጠሮ በሥዕላዊ መግለጫ የሚያሳይ ገጽ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። ዘጠኝ ኃላፊዎችን «እንዲህ ያለ ገጽ ቢኖር ትጠቀሙበታላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዘጠኙም «በደንብ!» አሉኝ። ቡድኑ ሦስት ወር ለፋበት። ከተለቀቀ ከወር በኋላ አሃዙን ስናይ ገጹን ከአንድ ጊዜ በላይ የከፈተው አንድ ኃላፊ ብቻ ነበር።

አፍሬ ወደ አንዱ ክሊኒክ ሄድኩና ከእንግዳ ተቀባይዋ ጀርባ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። በኮምፒውተሯ ጠርዝ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ ስም፣ ሰዓት፣ ስም፣ ሰዓት። ታካሚው ከፊቷ ቆሞ እየጠበቀ እኛ የሠራነው ቅጽ አንድ ቀጠሮ ለመመዝገብ 11 ክፍት ቦታ እንድትሞላ ያስገድዳታል። ስለዚህ በወረቀት ትይዝና ሰው ሲቀንስ ወደ ኮምፒውተሩ ትገለብጠዋለች። አንዳንዱ ወረቀት ይወድቃል። በሥዕላዊው ገጽ ላይ የነበረው ቁጥር የተሳሳተው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ኃላፊዎቹም ቁጥሩን ስለማያምኑት አይከፍቱትም። 11ዱን ወደ ሦስት አወረድናቸው፤ የቀረው ታካሚው ከገባ በኋላ የሚሞላ ሆነ። ሁለት ሳምንት የፈጀ ሥራ ነው። ያቺ እንግዳ ተቀባይ በዘጠኙ ቃለ መጠይቆቼ ውስጥ አልነበረችም፤ እሷን የመጠየቅ ሐሳቡ እንኳን አልመጣልኝም ነበር።

«ቢኖር ትወዱታላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ጠይቄ አላውቅም። ሰው ጨዋ ስለሆነ እሺ ይልሃል። በተግባር ያደረገውን ብትከታተል ግን አይዋሽህም። የኤምፔሳን አጀማመር አስብ። በ2005 በኬንያ ሙከራው ሲጀመር የታሰበው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ብድራቸውን በሞባይል ስልክ እንዲቀበሉና እንዲከፍሉ ነበር። በሙከራው የገቡት ሰዎች ግን ገንዘቡን እርስ በርሳቸው ይላላኩበት ጀመር። አዘጋጆቹ «ለዚህ አልሠራነውም» ብለው ሊዘጉት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ሰዎቹ የሚያደርጉትን አዩና አገልግሎቱ በመጋቢት 2007 ሲወጣ ገንዘብ ወደ ቤተሰብ መላክን ዋና ነገሩ አደረጉት። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመወሰን የሚረዳህን ፈተና ልስጥህ። ለአንድ ወር፣ የሚሰጥህን እያንዳንዱን ሥራ ከመጀመርህ በፊት «ይህ የሚያቃልልለት ሰው ማን ነው? ዛሬስ እንዴት ይወጣዋል?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱንም ራስህ ሄደህ ፈልግ። ወሩ ሲያልቅ ይህ ፍለጋ ከኮዱ በላይ ከሳበህ ና። ካልሳበህ ደግሞ ያጣኸው ነገር የለም፤ ከበፊቱ የተሻልክ መሐንዲስ ሆነህ ትቀጥላለህ።

ጥያቄ፦ የ47 ዓመት ነርስ ነኝ። በሆስፒታል 22 ዓመት ሠርቻለሁ። የሕክምና ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ፕሮዳክት ማኔጀር የመሆን ምኞት አለኝ። ልጆቼ «መጀመሪያ ፕሮግራሚንግ ተማሪ» ይሉኛል። ዕድሜዬስ አልረፈደም?

መልስ፦ እመቤቴ፣ አልረፈደብዎትም። የሕክምና ሶፍትዌር የሚሠሩ ድርጅቶች ኮድ የሚጽፍ ሰው አያጡም። የሚያጡት፣ የሌሊት ተረኛ ነርስ በሽተኛ ለቀን ተረኛዋ ስታስረክብ ምን እንደምትናገርና ምን እንደሚዘነጋ የሚያውቅ ሰው ነው። እርስዎ ይህንን 22 ዓመት ኖረውታል።

ፕሮግራሚንግ አያስፈልግዎትም። መረጃ በሥርዓቱ ውስጥ የት እንደሚቀመጥና ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ መረዳት ግን ያስፈልጋል። ከመረጃ ቋት የሚፈለገውን መረጃ ማውጣት የሚያስችለውን ኤስኪውኤል የተባለውን ቋንቋ መሠረታዊ ክፍል ቢማሩ ደግሞ እጅግ ይጠቅምዎታል፤ በየቀኑ ትንሽ ሰዓት ከሰጡት በጥቂት ሳምንት የሚያዝ ነው። ያን ጊዜ «ባለፈው ወር ስንት ነርሶች ይህንን ቅጽ ጀምረው አቋረጡ?» ለሚለው ጥያቄ የማንንም እጅ ሳይጠብቁ መልሱን ያወጣሉ።

ትልልቅ ኩባንያዎች ለጀማሪዎች ያዘጋጁትን ፕሮግራም ደጅ አይጥኑ። ጉግል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የጀመረውና ሌሎችም የተከተሉት የረዳት ፕሮዳክት ማኔጀር ፕሮግራም በዋነኝነት ከዩኒቨርሲቲ ለሚወጡ ወጣቶች የታሰበ ነው። የእርስዎ መግቢያ ሌላ ነው። ሆስፒታልዎ የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር ለሠራው ድርጅት፣ ነርሶች በየቀኑ የሚቸገሩበትን አንድ ገጽ መርጠው በዝርዝር ይጻፉላቸው። የመጀመሪያ የሥራ መደብዎ አማካሪ ወይም የተጠቃሚዎች አሠልጣኝ ሊሆን ይችላል፤ ይቀበሉት።

ጥያቄ፦ ፕሮዳክት ማኔጀር ሆኜ ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው «ይሠራልን» ተብለው የቀረቡ 140 ጥያቄዎች የያዘ ዝርዝር ትቶልኛል። የሽያጭ ኃላፊው ለአንድ ትልቅ ደንበኛ አዲስ ነገር ቃል ገብቶ በዚህ ወር ይሠራ ይለኛል። ፕሮግራመሮቹ ደግሞ ስናገር ስልካቸውን ያያሉ። ከየት ልጀምር?

*አዲሱ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ዝርዝሩን ለማስተካከል አትቸኩል። ከ140ዎቹ አብዛኞቹ ጠያቂያቸው እንኳ የረሳቸው ናቸው። ከእያንዳንዱ ጎን «ይህን የፈለገው ማን ነው?» ብለህ ስም ለመጻፍ ሞክር። ስም የማይገኝለትን ወደ ሌላ ገጽ አውጣው፤ አትሰርዘው። ማንም ሳይጠይቅህ ሦስት ወር ካለፈ ያን ጊዜ ታጠፋዋለህ። እኔ ይህን ባደረግሁ ቁጥር ከግማሽ በላይ ወደዚያኛው ገጽ ሄዷል።

ለቀረው ቅደም ተከተል የሚያወጡ ቀመሮች አሉ። የታወቀው አንዱ ስንት ሰው ይነካል፣ ምን ያህል ይጠቅመዋል፣ ግምታችንን ምን ያህል እናምነዋለን የሚሉትን አባዝቶ ሥራው ለሚፈጀው ጊዜ ያካፍላል። ተጠቀምበት፤ ነገር ግን ከቀመሩ የወጣውን ቁጥር እንደ ፍርድ አትያዘው። ሦስቱን ግምቶች የሰጠኸው አንተ ነህ። ጥቅሙ፣ ሁለት ሰዎች ሲለያዩ በየትኛው ግምት ላይ እንደተለያዩ በግልጽ ማሳየቱ ነው።

የሽያጭ ኃላፊውን በተመለከተ፣ «አይሆንም» አትበለው፤ «እሺ»ም አትበለው። በዚህ ወር የተያዙትን ሥራዎች ፊቱ ዘርግተህ «ይህ እንዲገባ የትኛው ይውጣ?» በለው። ዋጋው ለሁለታችሁም ሲታይ ንግግሩ ይረጋጋል። እሱም ጠላትህ አይደለም፤ ደንበኛ ፊት ቆሞ የሚወተወተው እሱ ነው።

የፕሮግራመሮቹ ነገር ግን ከሁሉም ያሳስበኛል፤ እሱ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ አይሄድም። ስልካቸውን የሚያዩት ስለናቁህ አይመስለኝም። ከአንተ በፊት የመጡ ሰዎች «ይህን ሥሩ» እያሉ መፍትሔ አምጥተውላቸዋል፤ ከተሠራ በኋላ ምን እንደሆነ ተመልሶ የነገራቸው የለም። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ካሁን በፊት ከለፉበት ሥራ አንዱን ምረጥና ከተለቀቀ ከአራት ሳምንት በኋላም ስንት ሰው ተመልሶ እየተጠቀመበት እንደሆነ አሃዙን አምጣላቸው። ስንት ሰው መተግበሪያውን እንዳወረደው አትንገራቸው፤ ያ ቁጥር የሚያሳየው ማስታወቂያው መሥራቱን ነው። አሃዙ መጥፎ ቢሆንም ሳትሸፋፍን አሳያቸው።

ሁለተኛ፣ የሽያጭ ኃላፊው ቃል የገባለትን የዚያን ደንበኛ ስልክ ቁጥር ተቀበለው። ኃላፊውም ይገኝ። በስብሰባ ላይ ስልኩን ከሚያየው ፕሮግራመር ጋር አብራችሁ ተቀመጡና ድምፁን ከፍታችሁ ደውሉ። ስለ አዲሱ ነገር አንድም ቃል አታንሳ፤ «ይህ ያስፈለጋችሁ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነበር? ያን ቀን እንዴት አለፋችሁት?» ብለህ ጠይቅና ዝም በል። ዝምታው ይከብድሃል፤ ታገሥ። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለውን ጥያቄ ፕሮግራመሩ ራሱ እንዲጠይቅ ዕድል ስጠው። የጠየቀውን ቃል በቃል ጻፍና ላክልኝ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ ይዤልሃለሁ።